ቡድኑ ሁሉ ሲቅም ብቻውን የቀረው ጂፕሰም ሠራተኛ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ልጅ፣ ከሚቅም ቡድን ጋር እየሠሩ ሳይቅሙ መቆየት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የግድግዳና የኮርኒስ ጂፕሰም ይሠራል። በዚያ ሰፈር ቁልፍ የተረከበ ሰው ውስጡን በራሱ ገንዘብ ነው የሚያስጨርሰው፤ ስለዚህ ጂፕሰም፣ ሴራሚክና ቀለም የሚሠራ ሰው ከብሎክ ብሎክ እየዞረ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ልጁ እንደጻፈው አምስት ሆነው በካሬ ሜትር እየተከፈላቸው ይሠራሉ፣ ሒሳቡን ለአምስት ይካፈላሉ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ደግሞ አራቱ ጫት ይዘው ይቀመጣሉ። እስከ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ድረስ እሱም አምስተኛው ነበር። ሚስቱ ስላረገዘች፣ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለውና ያገኘው ገንዘብ ቤት ሳይደርስ ስለሚያልቅበት አቆመ። አሁን ሳይት ላይ መነኩሴው እያሉ ይጠሩታል። ስሙን ችሎታል። ያስጨነቀው ሌላ ነው፤ ከአራቱ አንዱ በቅርቡ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ማምጣት ጀምሯል፣ አንዳንድ ማታ ጋንጃ ይጨሳል፣ አንድ ቀን ደግሞ ለእሱ ቦርሳህ ውስጥ ያዝልኝ ተብሎ አንድ የጋንጃ ጥቅል ተሰጥቶታል። ሥራውን ሳይለቅ ከዚህ ሁሉ ርቆ መቆየት ይቻል እንደሆነ ነበር የጠየቀው።

እኔ የመብራት መስመር እዘረጋለሁ፤ ጂፕሰሙ ከመልበሱ በፊት ገብቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እነዚህን ቡድኖች በደንብ አውቃቸዋለሁ። ለዚህ ነው ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና የተሰጡትን መልሶች፣ ከሥር ከሥር የተከታተልኩት። መልሶቹ ብዙ ስለሆኑ የማይረባውን እየዘለልኩ ልንገራችሁ።

መልስ 1 እንደተለመደው በምርቃት ጀመረ። ልጁን አመስግኖ፣ ሚስቱን በሰላም ይገላግልልህ ብሎ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል እንዲጠመቅ መከረው። መልስ 2 አንድ መስመር ነበር፤ ሥራ ቀይር የሚል። መልስ 3 በዚህች አንድ መስመር ነደደ። ሥራ መቀየር እንደ ሸሚዝ መቀየር የሚመስለው ሰው ደሞዙን ባንክ የሚያስገቡለት እንደሆነ፣ ሲሚንቶና ብረት በተወደደ ቁጥር ስንት ሳይት ቆሞ ስንት ሙያተኛ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ጽፎ፣ መካሪው መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ቆሞ እንዲያይ ጋበዘው። መልስ 2 ተመልሶ አልመጣም።

መልስ 4 የሐረርጌ ልጅ ነው። በጨዋ ቋንቋ ነበር የጻፈው፣ ግን መከፋቱ ያስታውቃል። አባቱ ጫት አምርቶ እሱንም ወንድሞቹንም እንዳስተማረ፣ አገሩ ላይ ሽማግሌ ዱዓ የሚያደርገው፣ እርቅ የሚወርደው፣ ገበሬውም ወደ እርሻ የሚወጣው ቅጠል ይዞ እንደሆነ አስረዳ። አገሪቱ ወደ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ጫት ልካ የምታገኘውን የውጭ ምንዛሪም አነሣ። ዋናው ቅሬታው ልጁ ጫትን ከጋንጃና ከክኒን ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መደርደሩ ላይ ነበር። ጫቱን ትተህ ስለ ክኒኑ ብቻ ብትጠይቅ ኖሮ ሁላችንም ከአንተ ጋር ነን የሚል መንፈስ ነበረው።

መልስ 5 የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ ብሎ ነው የገባው፣ አጻጻፉም ይመስላል። ሁለቱንም ወገን አረመ። ቅጠሉ ውስጥ የሚያነቃው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሆነ፣ ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ አብዛኛው ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር እንደሚለወጥ፣ ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪና እየበረረ የሚያመጣውም ስለዚሁ እንደሆነ ጻፈ። በ1971 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ካቲኖን በጥብቁ በአንደኛው ሠንጠረዥ፣ ካቲን ደግሞ ላላ ባለው በሦስተኛው ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በስምምነቱ አልተከለከለም። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ቅጠሉንም ከለከሉ፤ እኛ ጋ ሕጋዊ ነው። መልስ 4 ሕጋዊ ነው ለማለት ከሆነ ልክ ነው፣ ሱስ አያስይዝም ለማለት ከሆነ ግን ልክ አይደለም በማለት ቋጨው።

ከዚያ ቀጥሎ የጻፈው ለእኔ ከሁሉም ጠቃሚው ነበር። ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከቅጠሉ በኋላ ነው። ማታ ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ ሞቅታ፣ አልወርድ ሲል ጨብሲ የሚባለው የማብረጃ መጠጥ ይመጣል፤ ድራፍት ለቻለ ድራፍት፣ ላልቻለ አረቄ። ጠዋት ደግሞ በድን ሆኖ የተነሣ ሰውነት ሌላ ማነቃቂያ ይጠይቃል። ትራማዶል እዚህ መሃል ሲገባ ነገሩ ይከፋል፤ ክኒኑ በብዛት ሲወሰድ ራሱን ችሎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥም አይደለም። ለልጁ የሰጠው ምክር ያን ክኒን የሚያመጣ ሰውዬ እንዲርቀው ሳይሆን፣ መወጣጫ ላይ አብሮት እንዳይወጣ ነበር።

መልስ 6 መልስ 4 ራሱ ነው፤ ለትምህርቱ አመስግኖ፣ ግን ቡናም ካፌይን እንዳለው አስታውሶ ክርክሩን ቀጠለ። ሁለቱ ሰዎች ከዚህ በኋላ በየመሃሉ እየገቡ ስለ ቡና፣ ስለ ሲጋራና ስለ አረቄ ተከራክረዋል። እዚያ አልገባም።

መልስ 7 ብረት አሳሪ ነበር፣ አሁን እጁ አይታዘዝለትም። ገላን አካባቢ አንድ መጋዘን ሲሠራ፣ ምሳ ላይ ጠጥቶ ከተመለሰ ጓደኛው ጋር የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ነበሩ። ጓደኛው ያልታሰረ ጣውላ ረገጠ፤ ሊይዘው የተዘረጋው የዚህ ሰው እጅ ነው የተሰበረው። እሱ ያን ቀን ምንም አልቀመሰም ነበር። ለጓደኛው ካሣ ሲጠየቅ ሰክሮ ነበር ተብሎ ነገሩ ተጓተተ፣ የእሱም ፋይል ከዚያው ጋር ተጠፍሮ ተጓተተ። ንጹሕ መሆን ራስን ብቻ ያድናል ብላችሁ አታስቡ፤ ይህን ለማለት ነበር የገባው። ረጅም አልጻፈም፤ ከሱ በኋላ ግን ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልቀለደም።

መልስ 8 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 ሠራተኛ ሥራ ቦታ ላይ የተከለከለ ዕፅ ወይም አልኮል መጠቀምን፣ በዚያም ታውኮ ሥራ ላይ መገኘትን እንደሚከለክል አስረዳ። በዚሁ አዋጅ አሠሪ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ሠራተኛው ሰውነቱንም አእምሮውንም መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከተገኘ ግን ያ ይቀራል። ጫት የተከለከለ ዕፅ ስላልሆነ ቃሚው በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል ወይ የሚለው ለክርክር ክፍት ነው አለ። ጋንጃው ግን ክርክር የለውም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይዞ መገኘቱም ያስጠይቃል።

የነካው ሌላ ቁስል አለ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፣ የቀን ሠራተኛም መብት አለው። በካሬ ተዋውሎ በራሱ ቡድን የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሥራ ተቋራጭ ነው የሚታየው፤ ያኔ አዋጁ ላይደርስለት ይችላል። የልጁ ቡድን እንዲህ ከሆነ፣ ከላይ የወደቀ ሰው የሚወድቀው በራሱ ሒሳብ ነው። በእኛ ሰፈር ፊኒሺንግ ከሚሠራው ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል? እኔ ካነጋገርኳቸው አንድም አላውቅም።

ከ9 እስከ 13 ያለው ጨዋታ ነው። አንዱ በለጬ የሚባለው ጫት ድሮ ቀረ ብሎ ጀመረ፣ ሌላው የወንዶን ጫት አወደሰ፣ ሦስተኛው ዛሬ ገረባውም፣ ማለትም ተለቅሞ የሚጣለው ቅጠል፣ በገንዘብ ሆኗል ብሎ አላገጠ። አንድ ሰው ልጁ እዚህ እርዳታ ሲጠይቅ እናንተ ገበያ ከፈታችሁለት ብሎ ቆጣ አለ። ሐቁን ለመናገር፣ ሐራራ ላለበት ሰው እነዚያን አምስት መልሶች ማንበብ ራሱ ፈተና ነው።

መልስ 14 የሴት ነው፤ ክሩ ከዚህ ወዲያ ያው ክር አልሆነም። አሸዋና ውኃ ተሸክማ ፎቅ የምትወጣ የቀን ሠራተኛ ነበረች፣ አሁን ቂሊንጦ አካባቢ ከአንድ ሳይት በር ላይ ሻይና ጀበና ቡና ትሸጣለች። ነገሯ ስለታም ነበር። በአንድ ሳይት ላይ ግማሹ ተሸካሚ ሴት ሆኖ ሳለ፣ ሴቶቹ እንዴት ሳይቅሙ ይውላሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አይታ አታውቅም። የማይቅሙት ጽኑ ስለሆኑ አይደለም፣ ኑ ተቀመጡ የሚላቸው ስለሌለ ነው። እነሱ ዘንቢላቸውን አንሥተው፣ ልጃቸውን ከጎረቤት ተቀብለው እራት ይሠራሉ።

ቀጥላ ዋጋውን ተናገረች። ለዓመታት ስትሸከም ሙያ ሳትይዝ የቀረችው ስላልቻለች አይደለም። የሚቀጥለው ቤት የት እንዳለ፣ ማን ቁልፍ እንደተረከበ፣ የትኛው ባለቤት በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን ረዳት ማን ሙያተኛ ሆኖ እንደሚገባ የሚወሰነው በርጫ ላይ፣ ማለትም አብሮ ተቀምጦ ሲቃም፣ ነው። እዚያ ያልተቀመጠ ጠዋት የተወሰነለትን ይሰማል። ልጁን የፈራችለትም ይሄን ነው፤ ቅጠሉን ሲተው ወንበሩንም ተወ፣ ወንበሩን ሲተው ደግሞ ሥራው ከእጁ መውጣት ይጀምራል።

እኔ ለዓመታት ከነዚህ ቡድኖች ጋር ስሠራ ይህን በዚህ መልክ አይቼው አላውቅም፤ ሁላችንም ስለ ፈቃደኝነትና ስለ ጽናት ስናወራ እሷ ስለ ሥራ ክፍፍል ነው ያወራችው። ልጁ መነኩሴው ሲባል የሰማው ስድብ መስሎት ነበር። መነኩሴ ደግሞ ድርሻ አይጠይቅም።

መልስ 15 ወዲያው ተስማማ፤ የመጀመሪያውን የሴራሚክ ሥራ ያገኘው በርጫ ላይ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው እንደሆነ፣ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ረዳት እንደሚሆን ጻፈ። መልስ 16 ደግሞ ሴትዮዋን ተሳደበ። ባሏ የተዋት ዓይነት ነገር ነው የጻፈው፣ አስተዳዳሪው ግማሹን አጥፍቶታል፤ የቀረውም ባይቀር ይሻል ነበር። በ17 እሷው መለሰች፤ ባሏ እንዳልተዋት፣ እሷ እንደተወችው፣ ምክንያቱንም ሰውዬው ከገዛ ጥርሱ ቀለም ሊገምት እንደሚችል። መልስ 16 ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 18 ቃሊቲ ላይ አይሱዙ የሚነዳ ሾፌር ነው፣ ሴትዮዋ ካለችው ተነሥቶ መላ አመጣ። እሱ ቅጠል ከተወ ቆየ፣ ወንበሩን ግን አልተወም። ከጭነት ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ ለውዝና ውኃ የሚገዛው እሱ ነው፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሥራ ሥራውን ይሰማል፣ ጨዋታው ሞቆ ምርቃናው ሲገባ ተነሥቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ወሬው ሁሉ የቁም ነገር ነው፣ በኋላ ሁሉም ሚሊየነር ይሆናል፤ ያኔ የሚያመልጠው ነገር የለም ባይ ነው። ይህ ምክር ብዙ ጭብጨባ አገኘ። መልስ 19 ግን ተቃወመ። ሾፌሩ ካቆመ የቆየ ሰው ነው፣ ልጁ ገና ከጾም ወዲህ ነው፤ ሽታው ብቻ ይጥለዋል። ለውዙን የምትገዛ ከሆነ ነገ የቅጠሉን ድርሻ ትጠየቃለህ ብሎም ጨመረ። ሾፌሩ በ20 ተቀየመ፣ ማንንም አስገድዶ እንዳላስቀመጠ ጻፈ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ፤ ሾፌሩ ግን ተነሥቶ የሚሄድበት መኪና አለው፣ ልጁ ተነሥቶ የሚሄደው ወደዚያው ክፍል ነው።

መልስ 21 ፎርማን ነው፣ ሥራውን ከውስጥ ያውቃል። ጂፕሰም ቶሎ ይደርቃል፤ የሚያቦካውና የሚያለብሰው ካልተናበቡ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ምርቃና የገባው ቡድን መጀመሪያ ላይ እውነትም ይፈጥናል፣ ያልቀመው ሰው ዘገምተኛ ይመስላል። ነገር ግን ማታ በአንድ አምፑል የለበሰ ግድግዳ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ማዕበሉ ይታያል። ባለቤቱ ያስፈርሰዋል፣ የተባከነው ካሬ ከአምስቱም ሒሳብ ይቀነሳል፣ ካልቀመውም ጭምር። እንደ ፎርማን ያየው መፍትሔ ሥራውን በክፍል መከፋፈል ነው፤ ልጁ አንድ ክፍልና አንድ ረዳት ይያዝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምር፣ ካሬው ለብቻው ይለካ፣ 10 ሰዓት ላይ ይውጣ። መልስ 22 አረመው። ግድግዳው ላይ ይሠራል፣ ኮርኒሱ ላይ ግን የብዙ ሰው እጅ ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ቡድኑ የሚሠራው ከሰዓት ነው። ፎርማኑ ተቀበለ፤ ኮርኒሱ ጠዋት ይሁን ብሎ መደራደር እንደሚቻል ግን አልተወም።

በ23 ልጁ ራሱ ተመለሰ። ሁሉንም በየተራ አመሰገነ፣ ሴትዮዋን እህቴ ብሎ ለብቻ። እንደጻፈው ሐራራው 8 ሰዓት ላይ ይመጣና ሰዓት እንደ ያዘ ሰው ይቀሰቅሰዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኸው ነበር፣ አሁን ቀንሷል። የሴትዮዋን መልስ ካነበበ በኋላ ያስተዋለውን አንድ ነገር ነገረን። ቡድኑ ከሁለት ቤት በኋላ የሚገባበትን ሥራ እሱ የሰማው ከቤቱ ባለቤት እንጂ ከጓደኞቹ አልነበረም። ጥቅሉን በተመለከተ የዚያን ዕለት ይዞት እንደዋለና ማታ እንደመለሰ አመነ።

እዚህ ላይ ክሩ ጮኸ። መልስ 24፣ 25 እና 26 ተከታትለው ወረዱበት። 24 የመልስ 8ን አንቀጽ አስታውሶ፣ ፖሊስ ቦርሳህን ሲከፍት የማን እንደሆነ እንደማይጠይቅ ነገረው። 25 የሥራ ዕቃውን የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ እንዲያደርግና ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጥ። 26 ከረር ያለ ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ሆና እሱ የሰው ጋንጃ ይዞ የሚውል ከሆነ ጫቱን መተዉ ምን ዋጋ አለው ሲል። ጭካኔ አለበት። መልስ 7፣ ያ እጁ የተሰበረው ሰው፣ ገብቶ ለቀቅ አድርጉት ባይል ኖሮ ልጁ የሚመለስ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሃይማኖት ጭቅጭቅ ተነሣ። የትኛው እምነት ተከታይ ይበልጥ ይቅማል፣ የትኛው ይበልጥ ይጠጣል። አስተዳዳሪው ሁለቴ አስጠንቅቆ አምስት መልስ አጠፋ። ምንም አላመለጣችሁም።

መልስ 33 ቆይቶ ነው የመጣው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአረቄና ለጫት ሱስ የታከመ ሰው ነው። አማኑኤል ገባ ሲባል ሰፈሩ አበደ ብሎ እንደሚተረጉም ያውቃል፤ እሱም በዚያ ፍርሃት ሁለት ዓመት አሳልፏል። ሲሄድ ያገኘው ግን ወረፋ፣ ካርድና የሚያዳምጥ ሐኪም ነው፤ አልጋ ሳይዝ እየተመላለሰ ነው የታከመው። ከኮዬ መርካቶ አካባቢ ድረስ ታክሲ መቀያየሩ አድካሚ መሆኑን አልደበቀም። ፀበሉን አልነቀፈም፣ ራሱም ይጠመቃል፤ መልስ 1ን የተቃወመው ፀበልና ሐኪም አንዱን ምረጥ የሚል እንዳይመስል ብቻ ነው። መልስ 1 በትሕትና ተስማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመድረኩ ብዙ አይታይም።

ከዚያ መልስ 4 ባልጠበቅነው በኩል ገባ። ስለ ጫት ክብር አንድ ቃል ሳያነሣ፣ በእሱ አገር የማይቅም ሰው ከተቀመጠ ጀማው ቅጠል አቅርቦ እንደማይጎተጉተው፣ መጎትጎት ነውር እንደሆነ ጻፈ። ሳይት ላይ ያለው ነገር የጫት ባህል ሳይሆን የገንዘብ ሩጫ ነው ሲል የመድኃኒት ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማለት። ስምምነቱ ግን ሦስት መልስ አልቆየም፤ ያው ወደ ካፌይን ተመለሱ።

ፎርማኑ በ38 ቱሉ ዲምቱ ላይ ጠዋት የሚጀመር የሴራሚክ ሥራ እንዳለው፣ ጂፕሰም የሚያውቅ ረዳት እንደሚፈልግ፣ ልጁ ከፈለገ በውስጥ መስመር እንዲጽፍለት አሳወቀ። የቀን ክፍያው አሁን በካሬ ከሚያገኘው እንደሚያንስም አልሸሸገም። መልስ 39 የሥራ ማስታወቂያ እዚህ መለጠፍ ክልክል ነው ብሎ ከሰሰ፣ አስተዳዳሪው በ40 ማስታወቂያውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው። ሴትዮዋ በ41 ፎርማኑን ረዳቱ ሴት ብትሆን ችግር አለው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የምታውቃት ልጅ ስላለች ነው። ፎርማኑ እስካሁን ለዚህ አልመለሰም፣ ልጁም ሥራውን ይውሰድ አይውሰድ አልጻፈም።